ሚኒስትሩን ዋስ የጠየቅኩ ቀን

መቼ እንደ ነበር ልክ ልነግራችሁ አልችልም። ልጄ አምና ነው ትላለች፤ ባለቤቴ ደግሞ ካቻምና ነው ብላ ትሟገታለች። እኔ የማውቀው ፋሲካ እንዳልደረሰ ነው፤ ምክንያቱም ሚቅላታችን ውስጥ የገባው የዝናብ ውሃ ገና አልደረቀም ነበር።

ሚቅላት የምንለው ሮኬት ሲመጣ የምንሸሸግበትን ከመሬት በታች ያለ ክፍል ነው። እኛ ሽኩና ዳሌት በሚባል ሰፈር ነን፤ ከድሮዎቹ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከመሬቱ እኩል ባለው ቤት። ሚቅላቱ ከጓሯችን አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። በሩ ግን ዝጎ አልከፈት ብሏል፤ የሚወርደው ደረጃም እጅ የሚይዝበት ብረት የለውም። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ሲነሳ ያለን አንድ ደቂቃ ነው። ባለቤቴ ጉልበቷን ታማለች፤ በአንድ ደቂቃ ሌላ ሕንፃ ድረስ መሄድ አትችልም። ስለዚህ ሁለታችን ከሕንፃው ደረጃ ሥር ተጠጋግተን እንቀመጥ ነበር።

«አንተ ሩጥና ትረፍ፤ እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ» ትለኛለች።

«ቤቱን ማን ይዞት ይሄዳል?» እላታለሁ።

እንስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው። ስለዚያ በር ያልነገርነው ቢሮ የለም። ያኛው ወደዚህኛው ይልከናል፣ ይህኛው መልሶ ወደዚያኛው።

አንድ ቀን ልጄ መጥታ፣ የክኔሴት፣ የዚህ አገር ምክር ቤት ሰዎች ሰፈራችን ድረስ ሊመጡ ነው አለችኝ። በሕዝቡ አዳራሽ ተቀምጠው አንድ ሚኒስትርን ስለ ከተማው አገልግሎትና ስለ ደኅንነታችን ሊጠይቁ ነው፤ የፈለገ ገብቶ መስማት ይችላል። ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞረች ትረዳለች። ሱፌን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ደረብኩና አብሬያት ሄድኩ።

እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የተቀመጥኩበት ስብሰባ የለም። እኔ በተወለድኩበት አገር ሹም ነበር የሚጠይቀን። እዚህ ደግሞ ሹሙ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ላቡን እየጠረገ ይመልሳል። ሚኒስትሩ ከመጀመሪያ ልጄ የሚበልጥ አይመስልም። ከፊት ለፊቱ ከተቀመጡት የሕዝብ ተመራጮች አንዷ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች አጭር ሴት፣ አፋጠጠችው።

«በዚህ ሰፈር የተዘጋ ሚቅላት አለ ወይስ የለም?»

«እየተጣራ ነው።»

«ነገ ጩኸት ቢነሳስ? ሮኬቱንም እየተጣራ ነው ጠብቅ ልትለው ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሚኒስትሩ ቀላ። «ያ የእኔ መሥሪያ ቤት ሥራ አይደለም።»

«ታዲያ አንተ ሚኒስትር ነህ ወይስ እንግዳ?»

«ስለ ጮኽሽ መልሱ አይለወጥም!»

«አንተ ስለማትመልስ ነው የምጮኸው!»

ጠረጴዛ ተደበደበ። ሰብሳቢው ሽበታም ሰውዬ ቢያንኳኳም የሚሰማው አጣ። እኔ አሁን ተያያዙ አልኩ። አባቴ ባገራችን አስታራቂ ሽማግሌ ነበር፤ ሁለት ሰው ፊቱ እየተጣላ ተቀምጦ አያይም። እኔም እግሬ ዝም ብሎ ተነሳ። ነጠላዬን አስተካክዬ በጠረጴዛዎቹ መሐል ገባሁ። አንድ ጠባቂ ወደ እኔ መጣ። ልጄ ከኋላ ነጠላዬን ያዘች።

«አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ! ይሄ እኮ ሥራቸው ነው!»

«መጣላት ነው ሥራቸው?»

«አልተጣሉም። ሲወጡ አብረው ሻይ ይጠጣሉ።»

«እንግዲያ እኔ ሳስታርቃቸው አይከብዳቸውም።»

ሰብሳቢው ጠባቂውን በእጁ መለሰና «ሽማግሌው ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቀ። የእኔ ዕብራይስጥ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ የተማርኩት ነው፤ አንሣ፣ አውርድ፣ ተጠንቀቅ። ለእርቅ አይሆንም። ልጄን አየኋት። ከትንሽነቷ ጀምሮ ሐኪም ዘንድም ሆነ ቢሮ የምትተረጉምልኝ እሷ ናት፤ ግን እኔ ብዙ እናገራለሁ፣ እሷ ሁለት ቃል ብላ ትጨርሳለች። ታፍርልኛለች መሰለኝ።

«ሁሉንም ልናገረው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ሁሉንም፣ እናቴ።»

ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። «ልጄ፣ የጠየቅሽው ደግ ነገር ነው። ድምፅሽ ግን ጣራውን ሊያነሣው ነው፤ እሱም ፈርሶ ሌላ ጥያቄ ይሆንብሻል።» ልጄ ስትተረጉመው ሴትዮዋ አፏን በእጇ ሸፈነች።

ወደ ሚኒስትሩ ዞርኩ። «አንተም ልጄ፣ ስትጠየቅ አትቆጣ። ሹም ሲጠየቅ ለማየት ነው ሱፍ የለበስኩት። ሲጠይቁህ ሰው ቆጥረውሃል ማለት ነው። አሁን የእኔን ስማ። ባለቤቴ ጉልበቷ ታሟል። ጓሯችን ሚቅላት አለ፣ በሩ አይከፈትም። ደረጃው የሚያዝ ብረት የለውም። የማነው ሥራ? አላውቅም። አንተ ግን ካለህበት ወንበር ሆነህ ማን እንደሆነ ልታገኘው ትችላለህ።»

ሚኒስትሩ እስክሪብቶውን አነሣ። «አባባ፣ ከፋሲካ በፊት ይከፈታል። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ተባረክ። ዋስህ ማነው?»

ልጄ ይህን አልተረጎመችም። «አባባ» አለችኝ፣ «ሚኒስትር ዋስ አይጠየቅም።»

«ቃል የሰጠ ሁሉ ይጠየቃል። ዋስ ሳይጠራ እኛ እርቅ ጨርሰን አናውቅም። ተርጉሚ።»

ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ቀጥ ብላ ቆማ ተረጎመችው። ያገራችንን ሥርዓትም ጨምራ አስረዳች። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሚኒስትሩ ረዳቶቹን ዘወር ብሎ አየ፤ ሁሉም ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። ወዲያው እጁን ዘርግቶ ሴትዮዋን አመለከተ።

«እሷ ትሁን! እንደ እሷ የሚከታተለኝ ሰው የለም።»

ሴትዮዋ ተነሣች። «ዋስ ነኝ። ካልከፈተ በክራቫቱ ጎትቼ አመጣላችኋለሁ።»

እጅ ለእጅ አያያዝኳቸውና መረቅኳቸው። ያ ጠባቂ እንኳ ሳይቀር አሜን አለ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቀድማ ሰምታለች። «ሚኒስትር ገሠጽክ አሉ! የመታጠቢያ ቤቱን አምፖል ለውጥ ካልኩህ ግን ስንት ወር ሆነ?»

«ዋስ ስላልጠራሽብኝ ነው» አልኳት።

ዋሷ ቃሏን ጠበቀች። በሳምንቱ ራሷ ብቅ ብላ በሩን በትከሻዋ ገፋችው፤ አልሆነላትም። ስልኳን አወጣችና ለሚኒስትሩ ደውላ እዚያው ቆማ ጮኸችበት። ያን ጊዜ ማስታረቅ አላሰኘኝም። ፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው ሠራተኞች መጡ፤ ውሃው ተቀዳ፣ አዲስ በር ተገጠመ፣ በደረጃው በሁለቱም በኩል ብረት ተተከለ።

ሠራተኞቹ እንደ ሄዱ ባለቤቴ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ወረደች። ሰዓት የያዝኩላት እኔ ነኝ፤ ደቂቃው ሳይሞላ ደረሰች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና አልወጣም አለች። ጎረቤቶች ጩኸቱ ያመለጣቸው መስሏቸው ፍራሽና ውሃ ይዘው ገቡ፤ ያለ ምንም ጩኸት ሚቅላት ገብተን ስንስቅ አመሸን።

ሰፈሩ ሚኒስትሩ ሠራው ይላል። አንዳንዱ ሴትዮዋ ናት ይላል፤ እኔን የሚያመሰግንም አለ። ሁሉንም አመሰግናለሁ። ያን ቀን ግን ነጠላዬን ለቅቃ አጠገቤ የቆመችው፣ ከቃሌ አንዲት ሳትቆርጥ ያደረሰችልኝ፣ ሁለተኛዋ ልጄ ናት።