አማቴና የኦርኪዷ ሥር

...የገብስ ፍሬ ብታክል ነው። ጫፏ አረንጓዴ፣ ወገቧ ብርማ። ሁለት ወር ሙሉ የጠበቅኳት ሥር። ማክሰኞ ጧት መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ሳያት... አዎ፣ ብቻዬን እልል ብያለሁ። ለአንዲት የአበባ ሥር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

ኦርኪዷ የባለቤቴ የባንቺአየሁ ናት። ከባሕር ዳር ገዝቼ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ባንቺ ተቀይማኝ ቡሬ እናቷ ዘንድ ስትሄድ አበባዋን ትታልኝ ሄደች። እኔ ስለ ተክል የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ብርጭቆ። ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ፣ ተሸበሸቡ። ጠምቷት ነው ብዬ ሁለት ብርጭቆ አደረግኩት።

ባንቺ ስትደውል ስለ እኔ አትጠይቅም።

«አበባዋ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ሰባት ዓመት አብረን ኖረን የቀረችን ወሬ ይቺ ብቻ ናት። እሷም ከሞተች ምን ልንባባል ነው? ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እናም ተማርኩ። ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ከዕቃዋ አወጣኋት። ግማሽ ሥሯ ጠቁሮ በስብሷል፤ ይሸታል። መቀሱን በእሳት ለብልቤ የበሰበሰውን ቆረጥኩ፤ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ የተፈጨ ቀረፋ ነሰነስኩበት። ኦርኪድ ለካ አፈር አትፈልግም፤ ሥሯ አየር ካላገኘ ይታፈናል። የዛፍ ቅርፊት ላይ ነው የምትተከለው። ፍኖተ ሰላም ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ማን ይሸጣል? አናጺ ቤት ሄጄ የጥድ ቅርፊት ለመንኩ።

«ወንድሜ፣ ለምንህ ነው? ለወጥ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ቀቀልኩት በርግጥ። አደረቅኩት፤ ከከሰል ስብርባሪ ጋር ደባለቅኩት። የውሃ ፕላስቲክ በጋለ ሚስማር በሳስቼ እዚያ ውስጥ ተከልኳት። ውሃ በሳምንት አንዴ። ከዚያ መጠበቅ... መጠበቅ...

ማክሰኞ ያቺ ሥር ብቅ አለች። ፎቶ አንስቼ ለባንቺ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«እውነት አዲስ ናት?»

«አዲስ ናት።»

«...ቅዳሜ መጥቼ አያታለሁ።»

አያታለሁ አለች እንጂ አይሃለሁ አላለችም። ይሁን። መምጣቷ በቂዬ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት እናቷ ቀድመው መጡ። አማት ለምን መጡ አይባልም። ብድግ ብዬ ተቀበልኩ፣ አልጋዬን ለቀቅኩ፣ እኔ ሳሎን ወንበር ላይ ተኛሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ለባንቺ ምሳ የሚሆን ነገር ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ እማማ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከእጃቸው የሚወርደው ውሃ ቀይ ጭቃ ነው።

ኦርኪዷ ማሰሮ ውስጥ ነበረች። እስከ አንገቷ በአፈር ተቀብራ።

«እማማ... ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ አዘንኩላት እንጂ! በእንጨት ፍቅፋቂ ተክሏታል ብላ ባንቺ ስትነግረኝ አላመንኩም ነበር። ከደጃችን፣ ጌሾው ካለበት፣ አፈር በፌስታል ቋጥሬ መጣሁ። ፍግም አለው። እዚያ አፈር ላይ ተተክሎ የከሳ ነገር አላውቅም።»

«ቅርፊቱስ?»

«ምድጃ ውስጥ። ለማቀጣጠያ እንኳ ደህና ነው።»

«አንዲት ሥር ነበረች... አረንጓዴ...»

«ያች እንደ ትል ወደ ውጭ የወጣችው? ቀነጠብኳት። የተክሉን ጉልበት በከንቱ ትጨርሳለች። ቲማቲምም ሲያፈነግጥ እንዲያ ነው የሚደረግ።»

ቀነጠብኳት።

እስኪ ፍረዱ። በእኛ አገር አማት ላይ አይጮህም። ፊት ለፊታቸው እንኳ ቀና ብሎ አይበላም። ደረቴ ውስጥ የሚፈላውን ይዤ፣ በአንቱታ እየጠቀለልኩ ላወጣው ሞከርኩ።

«ገድለዋታል እኮ» አልኩ። መግደልም በአንቱታ ሆነ... ራሴን ጠላሁት።

እማማ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ረጋ ብለው አደረቁ።

«እኔ ደጅ የሚሞት ነገር የለም ልጄ። ያንተን ቤት ግን እንጃ። ልጄንም ከስታ ነው የተቀበልኳት።»

በሩን በጣቴ አሳየኋቸው።

«ይውጡ!» አልኩ። «ከቤቴ ይውጡልኝ!»

ድምፄ የእኔ አይመስልም። ማሰሮውን አንስቼ ወለሉ ላይ ገለበጥኩት። ተንበርክኬ አፈሩን በጣቶቼ መበርበር ጀመርኩ። ምን እንደምፈልግ ልንገራችሁ? የተቀነጠበችውን ሥር። ባገኛት ምን ላደርጋት ነበር? እንጃ... እንዲያው ላገኛት ፈለግኩ። ፍጉ ጥፍሬ ውስጥ ገባ። እማማ ከበላዬ ቆመው ያዩኛል።

ቀና ስል ባንቺ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። መቼ እንደደረሰች አላውቅም፤ ምኑን እንደሰማች አላውቅም።

«ባንቺ...» አልኩ።

«ልጄ...» አሉ እናቷ።

ቦርሳዋን እደጅ መሬት ላይ አስቀመጠችው። የእናቷን አፈር ላለመርገጥ ተራምዳ ገባች፤ ጎንበስ አለች፤ ኦርኪዷን ከእነ ጭቃዋ በሁለት እጇ አነሳቻት። ጭቃው ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ። መኝታ ቤት ገባች።

በሩን በሁለታችንም ላይ ዘጋችው።