ውሃ ልክ

የከተማው ሰው «ውሃ ልክ» ይላታል። ግንበኛ ግድግዳ የሚያስተካክልበት መሣሪያ ስም ነው፤ ለእሷ ግን ልክክ አለላት።

ኮረብታው ላይ ያለችውን ትንሽ ግድብ ከአገሬው ጋር ድንጋይ እየተሸከመ የገነባት ግንበኛው አባቷ ነው። ጥበቃውን ሲያወርሳት ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። ከግድቡ ግርጌ ቀጭን ውሃ ሳያቋርጥ ይፈስ ነበርና በየማለዳው ባልዲ ትደቅናለች፤ እስኪሞላ አንድ፣ ሁለት እያለች ትቆጥራለች፤ ቁጥሩን ደብተር ላይ ታሰፍራለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀልድ አይጠፋውም። «ውሃ የሚወቅጥ ሰው አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የኔዋ ግን ትሰፍረዋለች» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል።

አንድ ቀን ከውሃ ጽሕፈት ቤት ወጣት መሐንዲስ መጣ። ግርጌውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ግድቡ ያፈሳል። ሰው ላይ ሳይደረመስ ውሃውን ለቀን እናፍርሰው» አለ። ስብሰባ ተጠራ።

ውሃ ልክ ደብተሮቿን በጆንያ ተሸክማ አዳራሹ ገባች። አባቷን ዳግም የምትቀብር መስሏታል፤ ግን አንዱን ደብተር ገልጣ ለመሐንዲሱ ሰጠችው።

«ልጄ፣ ይኸውልህ የድርቁ ዓመት። ያኔ ግድቡ ደርቆ ወለሉ ተሰነጣጥቆ ነበር። ባልዲው በስንት ሞላ?»

«በአርባ።»

«ይሄ ደግሞ ግድቡ አፉ ድረስ የሞላበት ክረምት ነው።»

መሐንዲሱ ገጹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ይሄም አርባ ይላል።»

«ታዲያ ባዶ ግድብ ምኑን አፈሰሰ? ውሃው የራሱ ምንጭ አለው።»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። መሐንዲሱ አልሳቀም። «እናቴ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አላት።

በማግስቱ ቆፋሪዎች ይዞ መጣ። በአራተኛው ቀን ከግንቡ አጠገብ አንድ ቋጥኝ ሲፈነቅሉ ኩልል ያለ ምንጭ ፈንድቶ እስከ ጉልበታቸው አራሳቸው። የግድቡ መሠረት ግን ደረቅና ጤነኛ ነበር። መሐንዲሱ ጭቃው ውስጥ እንደቆመ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት።

ግድቡ ከመፍረስ ዳነ። ምንጩም ውሃ አይቶ ለማያውቀው ለታችኛው ሠፈር በቧንቧ ተሳበ። በምረቃው ቀን ሠፈሩ ነቅሎ ወጣ፤ ጭብጨባው ኮረብታውን አናወጠው። ባሏ «ሚስቴ ናት! የኔ ናት!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ።

ንግግር አድርጊ ተብላ ድምፅ ማጉያ ተሰጣት። እንባዋን ጠረገች፤ ሕዝቡን አየች፤ ከዚያ ዓይኗ ቧንቧው ላይ አረፈ።

«ኧረ በፈጠራችሁ ዝጉት፣ ውሃው በከንቱ እየፈሰሰ ነው!» አለች።