ጥርሴ እንዲያመኝ የለመንኩበት ቀን

እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ግን ልናገር። እኔ ሰይድ፣ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ «ያ ረቢ፣ ጥርሴን አሳመኝ» ብዬ ለምኛለሁ።

ማለዳ፣ ቀዳማይ ወያነ

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ተነሳሁ ስል ተኝቼ እንዳይመስላችሁ፤ ጉንጬ እንደ ከበሮ ሲመታ ነው ያደረው። ቀኑ ደግሞ ቀልድ የለውም። ከሰዓት ለእህቴ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ሽማግሌ ሆነን እንሄዳለን፤ ተናጋሪው እኔ ነኝ። ሌላ ማን ሊሆን ነው? ከወሎ መጥቼ እዚህ ገበያ ቅመም ስሸጥ በአፌ ያላሸነፍኩት ገዢ የለም። የልጅቷ አባት አቦይ ዑመር ከዚህ በፊት የላክናቸውን ሽማግሌዎች ሁለቴ መልሰዋል። ዛሬም ከመለሱን አለቀ፤ ልጁ ከወዲሁ እህል አልቀምስ ብሏል።

ስለዚህ ጥርሱን እስከ ቀትር አስነቅዬ መመለስ አለብኝ። ለመንገዱ ከራሴ ጆንያ ቅርንፉድ ዘግኜ፣ ወቅጬ፣ ጉንጬ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ በቅርንፉድ ግን ፕሮፌሰር ነኝ።

በመንገድ

ባጃጅ ይዤ ወደ ዓይናለም ጤና ጣቢያ። የገበያው ሸራ ገና አልተገለጠም፤ ጋሪ፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ ነጠላ የለበሱ ሴቶች። ሓወልቲ ላይ ካፌዎቹ ወንበር እያወጡ ነው።

«ሓወይ፣ ሰው ነው የጫንኩት ወይስ ወጥ?» ይለኛል ባለባጃጁ አፍንጫውን ይዞ።

ስንደርስ የፈለገውን ዋጋ ጠራ። አፌ በቅርንፉድ ተሞልቷል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልከራከር ከፈልኩ።

ረፋድ፣ ጤና ጣቢያው

ሰልፉ ግድግዳውን ታክኮ ተጠማዝዟል። ጉንጩን በሻሽ ያሰረ ግንበኛ፣ ደም የሚተፋ መምህር፣ አንድ ጎኗ ያበጠ ነጋዴ። ሽታው ግን የሱቄ ሽታ! ግማሾቹ ደንበኞቼ ናቸው። አንዷ አደይ ለተብርሃን፣ የሰፈራችን አሮጊት፣ አዩኝ።

«ወደይ፣ ልጄ! የአንተ ቅርንፉድ ነው እዚህ ያደረሰኝ።»

«አላሻልዎትም እንዴ፣ አደይ?»

«አሽሎኝማ ነበር። እየተሻለኝ፣ እየተሻለኝ ጥርሴ አለቀ!»

ሰልፉ ያበጠ ጉንጩን ይዞ ሳቀ።

ተራዬ ደረሰ። ሐኪሟ ወጣት ናት። «አፍዎን ይክፈቱ፣ አያ» አለች። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ የተቦረቦረ መንጋጋ አገኘች። «የሚያምዎት የቱ ነው?»

«የታችኛው!» አልኩ፣ በሙሉ ልብ።

በብረት መታ መታ አደረገችው። ምንም። የላይኛውን መታችው። እሱም ምንም። አፌ ድንጋይ ሆኗል።

«ቅርንፉድ አድርገዋል አይደል? እዚህ የሚመጣው አብዛኛው ሰው እንደ እርስዎ መንጋጋው ተቦርቡሮ ነው፤ ቀጥሎ ድዱ የሚደማው ነው። እናንተ ሕመሙን ታስተኙታላችሁ፣ ጥርሱ ግን ውስጥ ውስጡን ያልቃል። ከዚያ ከመንቀል ሌላ መላ አይኖረውም። ከሁለቱ አንዱ ተሞልቶ ይተርፋል። የቱ እንደሆነ እስኪለይ ውጭ ይቀመጡ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስኪያምዎት።»

ቀትር

አፌን በውሃ ተጉመጠመጥኩ። አየር ሳብኩ። አደይ ለተብርሃን ከረሜላ ከመቀነታቸው ፈተው «ምጠጥ፣ ይህ ይቀሰቅሰዋል» አሉኝ። ፀሐይ አናቴ ላይ ደርሳለች፤ ሽማግሌነቱ እየቀረበ ነው። ሰልፉ በሙሉ ይጠይቀኛል።

«አመመህ?»

«ገና!»

«አይዞህ፣ ይመጣል!»

መጣ። ያውም ከላይ! ጮህኩ፤ ሰው አጨበጨበ። የታችኛውን፣ ያን ምስኪን፣ በከንቱ ላስነቅለው ነበር። ሐኪሟ መርፌ ወጋችኝና የላይኛውን ነቀለች፤ ለታችኛው መሙያ ቀጠሮ ሰጠችኝ። «ጥጡን ነክሰው ይያዙ። እንዳያወሩ።»

«አንቺ ልጅ» አሉ አደይ ለተብርሃን በበሩ፣ «ለዚህ ሰውዬ ይህን መድኃኒት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነበር ማዘዝ።»

ከሰዓት፣ ሓወልቲ

በቀጥታ አቦይ ዑመር ቤት። አብረውኝ የመጡት ሓጂ ኑርሑሴን ቃል የማይበዛላቸው ሰው ናቸው። «ልጅዎን ለልጃችን» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጥጤን ነክሼ ዝም።

«የልጁ ጠባይ እንዴት ነው?» አሉ አቦይ ዑመር።

ይሄኔ ማደንዘዣው ለቀቀኝ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

አቦይ ዑመር ብዙ አዩኝ። «እስከ ዛሬ የመጡት ሁሉ ልጁን ሲያሞግሱ ጉሮሯቸው ደረቀ» አሉ። «ለልጁ ያለቀሰ ግን ይህ ብቻ ነው። በሉ፣ ሰጥቻለሁ።»

እኔ በሄድኩ በመጀመሪያው ቀን! ያለ ቀጠሮ! ያለ አንድ ቃል!

ውሸት ነው የምትሉ ሓወልቲ ውጡና አቦይ ዑመርን ስለ እንባዬ ጠይቁ። ሓጂ ኑርሑሴንም አሉ፤ ካፋቸው ቃል ከወጣ። ስለ ጥጡ ግን አደይ ለተብርሃንን ለብቻቸው፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ሠርጉ ገና ነው።