ከሱሉልታ የመጣው ሥር ስም

ሰበታ፣ ንጋት 12 ሰዓት

ሚኒባሱ እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነው። እህቴ ዘነበች ክሊኒክ ተኝታለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ድካሙም ጭንቀቱም ስለጠናባት ሐኪም ኪኒን አዞላት ነበር። እሷ ግን በላዩ ላይ የባህል ሥር አፍልታ ስትጠጣ ከርማ ኖሮ ትናንት ልቧ ይደልቅ ጀመር። “ምን እንደጠጣች ካላወቅሁ በጭፍን ነው የማክማት” አለኝ ዶክተሩ። ስለዚህ የዛሬው መንገዴ ለአንድ ስም ነው።

ቡራዩ፣ 2 ሰዓት

ሥሩን ያመጣችላት ጓደኛዋ ሶፊያ የጨርቅ ሱቋን ገና እየከፈተች ነው። ስነግራት ደነገጠች።

“ለደግ ብዬ እኮ ነው! የሰጡኝን ሽማግሌ ስሙን ብጠይቃቸው ‘ትጠጣው እንጂ ስሙን ምን ያደርግላታል’ አሉኝ።”

ትኩስ ቦንቦሊኖ በወረቀት አስያዘችኝና ሱሉልታ ያለውን የሽማግሌውን ቤት አመላከተችኝ።

ሱሉልታ፣ 4 ሰዓት ተኩል

አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲ ቀይሬ እንጦጦን ተሻገርኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሯጮች የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ያልፋሉ። “እነሱ ሮጠው አይደክማቸው፣ እኛ ቁጭ ብለን ይደክመናል” አለ ሾፌሩ።

ሽማግሌውን፣ ኦቦ ደገፋን፣ ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው። “አካም ጅርቱ” ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ ያለችኝ ኦሮምኛ ያችው ናት። ነገሩን ሰምተው “ስሙ አይነገርም” አሉ። በእነሱ ቤት የመድኃኒት ስም ከአባት ወደ ልጅ እንጂ ወደ ሌላ አይወጣም፤ ከወጣ ኃይሉ ይጠፋል ይባላል። ለመንኳቸው። እንዲያውም ቱግ ማለት ቃጣኝ።

“ላንተ አልነግርህም” አሉና ገቡ። ጋቢ ደርበው፣ ትንሽ እሽግ ይዘው ተመለሱ።

“ለሐኪሟ ግን እነግረዋለሁ። እሱም ባለመድኃኒት ነው። በል እንሂድ።”

ሰበታ፣ 9 ሰዓት

ዶክተሩ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው። እኔን አስወጥተው በሩን ዘጉት። ቆይተው ሲወጡ ዶክተሩ እሽጉን በእጁ ይዟል። “አባባ ባይመጡ ኖሮ ከዚህ ሥር ጋር የማይስማማ መርፌ ልወጋት ነበር” አለኝ።

ኦቦ ደገፋ ከዘነበች አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። “ኪኒን እንደምትውጪ ብሰማ አልሰጥም ነበር፣ ልጄ። የእኔን ተዪው፤ የእሱን ዋጪ።”

ሐኪሙ እስከ ግቢው በር ሸኛቸው። “ኪኒን የሚውጥ ሰው ሲመጣብኝ እደውልልሃለሁ” ሲሉት ሰማሁ። እሱም ቁጥሩን ጽፎ ሰጣቸው።

ወደ ማታ የእህቴ ልብ ረጋ።

“ለመሆኑ ስሙ ምንድን ነው?” አለችኝ።

“ለእኔ አልነገሩኝም፤ ለሐኪምሽ ብቻ ነው” አልኳት። አንድ ነገር ባለማወቄ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።