ያልተለካው ትከሻ

ሰፈሩ ሜትሮ ይለዋል፤ ሜትር ከእጁ አይለይማ። ብስክሌት ጠጋኙ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የገዢውን ትከሻ ሳይለካ ለማንም የብስክሌት መሪ ሸጦ አያውቅም። ከአንዱ የትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ሌላው ይለካና የመሪሽ ስፋት ይሄው ነው፣ የመሪህ ስፋት ይሄው ነው ይላል። አንድ ጎረምሳ እንዲያምርልኝ ሰፊውን ስጠኝ ብሎ ቢከራከረው አንገቱን አንቆ በሩ ላይ ለጥፎታል። እጁ ፈጣን ነው። ቤቱ ውስጥ በቡጢ የበሳው በር አለ፤ ሚስቱ ካላንደር ሰቅላ ሸፍናዋለች።

ብስክሌት ተወዳዳሪዋ ሴት ልጁ ግን የምትነዳው በእሱ የድሮ መሪ ነበር። አርባ አራት ሳንቲሜትር፤ እሱ በወጣትነቱ ዋንጫ የበላበት። እጄ ይደነዝዛል፣ አንገቴ ይቆለፋል ብትለው ሳቀባት።

"መሪው አልሰፋም፤ አንቺ ነሽ የጠበብሽው።"

ውድድሩ ነገ ሊሆን ዛሬ ጠዋት፣ ልምምድ ላይ፣ በሁለት ባልደረቦቿ መሃል ልትሾልክ ስትል የመሪው ጫፍ የአንዷን ክርን ያዘ። ሦስቱም ተነባብረው ወደቁ። አስፋልቱ ጉንጯን ላጠው፤ የፊት ጥርሷ ተሸረፈ። ብስክሌቱን ተሸክማ ሱቁ ገባች።

ሜትሮ ደሙን ሲያይ ክው አለ። ድንጋጤው ግን እንደ ልማዱ በእጁ ወጣ፤ የተላጠውን ጉንጯን በጥፊ አጮለው። ደሟ አዲሶቹ ጎማዎች ላይ ተረጨ።

አላለቀሰችም። ቁልፍ አንስታ መሪውን ፈታችና ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። የብሎኑ ሣጥን ተገልብጦ ወለሉ ላይ ተበተነ።

"አባዬ፣ ያገሩን ሰው ሁሉ ለክተሃል" አለችው። "እኔን ግን መትተኸኝ እንጂ ለክተኸኝ አታውቅም።"

የመሪውን ብረት አነሳው። ሊመታት ይሁን ሊያየው እሱም አላወቀም። ቆይቶ አስቀመጠውና ሜትሩን ስቦ እጁን ወደ ትከሻዋ ሰነዘረ። ልጅቱ በሁለት ክንዷ ፊቷን ሸፈነች። ሜትሩ አየር ላይ ቀረ።

እናትየው ኳኳታውን ሰምታ ከሱቁ ኋላ ካለው ጓዳ ብቅ ስትል ልጅቱ ከክንዶቿ ሥር "እማዬ፣ አንቺ ለኪኝ" አለች።

ሚስቱ ሜትሩን ከጣቶቹ ፈልቅቃ ወሰደችው። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጠበቀ።

"ሠላሳ ስምንት" አለች።

የስድስት ሳንቲሜትር ልዩነት። ሜትሮ ባለ ሠላሳ ስምንቱን መሪ ከግድግዳው አወረደ፤ ልጁ ራሷ እንድትገጥመው ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ከዚያ ክንዶቿ ከፊቷ ላይ መውረድ እስኪጀምሩ ድረስ ወደ ኋላ፣ እስከ በሩ ራቀና፣ የራሱን እጆች ኪሱ ውስጥ ከተተ።