የሁለት ቀብር ቀለሃ

አቶ ላይል ሃውገን ዕድሜያቸውን ወተት በቦቴ ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ በወጡ ጊዜ፣ የከተማችን የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አንድ ሥራ ሰጣቸው። ማኅበሩ አባል በሞተበት ቁጥር ከመቃብሩ ራስ ተሰልፎ ባሩድ ብቻ ያለበት ጥይት ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። አቶ ላይል ሣሩ ላይ የቀረውን የናስ ቀለሃ ይለቅማሉ፤ አጽድተውም ከመካከሉ ሦስቱን ለሟቹ ቤተ ሰብ ያስረክባሉ። በእኛ በዊስኮንሲን ገጠር እነዚያ ሦስት ቀለሃዎች ከምድጃው በላይ ካልተደረደሩ ቀብሩ ተፈጸመ አይባልም።

ማጽጃውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። የአሮጌ ልብስ ማጠቢያ ሞተር፣ ዘንጉን የሚያዞር የጎማ ቺንጋ፣ ሁለት የብረት ዘንግ፣ በዘንጎቹም ላይ ተጋድሞ የሚሽከረከር የፕላስቲክ በርሜል ነው። በርሜሉ ክብ በመሆኑ ቀለሃው በመጀመሪያ ከታች ተንሸራቶ ተኛ እንጂ አልገለባበጥ አለ፤ ስለዚህ በውስጡ የእንጨት ርብራብ አሰሩበት። የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳና ጥቂት የመኪና ማወልወያ ይጨምሩበታል። ቆረቆንዳው ጥቀርሻውን ይጠጣል፤ ናሱም እንደ አዲስ ሆኖ ይወጣል። ድምፁ ጎረቤት ድረስ ስለሚሰማ፣ ምንም ባይፈጭም፣ «ወፍጮው» እንለዋለን። ባለቤታቸው ወይዘሮ አርዲስ ወፍጮው በሚዞርበት ቀን እኅታቸው ዘንድ ይውላሉ። ባልና ሚስቱ ስለ ወፍጮው ያደረጉት ስምምነት ይኸው ብቻ ነው።

አቶ ላይል አንድ ሕግ ነበራቸው፤ የአንዱን ቀብር ቀለሃ ከሌላው ጋር አይቀላቅሉም። የሚረከበው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ለእርሱ የተተኮሰው ነው?» አቶ ላይልም «ነው» ይላሉ። ከዚህ የሚበልጥ ንግግር አያውቁም፤ የሚፈልግባቸውም አልነበረም።

ባለፈው መኸር ዌንደል ክራውዘና ማይሎ ብራንት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞቱ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በጎልማሳነታቸው በአንድ አጋዘን ተጣልተዋል። አጋዘኑ ሁለት ጥይት ተገኝቶበት ነበር፤ ሁለቱም ቀድሞ የመታው የእኔ ነው አሉ። በአገራችን ልማድ አጋዘን የሚገባው ቀድሞ ለጣለው ነው። ነገር ግን የወደቀው በዌንደል አጥር ውስጥ ስለ ነበር ሥጋውም ቀንዱም ለዌንደል ቀረ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቃል አልተለዋወጡም። ሁለቱም የማኅበሩ ተኳሾች ነበሩና አንዱ በረድፉ ቀኝ ጫፍ፣ ሌላው በግራ ጫፍ እየቆሙ ለአገሩ ሙታን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ሲተኩሱ ኖሩ።

ቀብራቸው በአንድ ቅዳሜ ዋለ። የዌንደል ጧት በሉተራኖቹ መቃብር፣ የማይሎ ከሰዓት በኋላ በካቶሊኮቹ ነበር። ጧት ዘነበ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣ። በሉተራኖቹ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችና የድንች ሰላጣ ሲበላ፣ የዌንደል ሚስት ወይዘሮ ሎሬታ አቶ ላይልን ወደ ጥግ ጠሩ።

«ላይል፣ የማይሎን ቀለሃ እቤቴ እንዳታመጣብኝ። ዌንደል በቁሙ ያላስጠጋውን ሰው እኔ ከሞተ በኋላ አላስጠጋበትም።»

አቶ ላይል ኃላፊነቱ የእኔ ነው አሉ። እቤት ደርሰው ጭቃ የነካውን የጧቱን ቀለሃ በጨርቅ አደረቁ፤ ከወፍጮው ጨምረው አስነሡትና ወደ ሁለተኛው ቀብር ሄዱ።

ሲመለሱ ቺንጋው ወልቆ ወፍጮው ቆሟል። ክዳኑን ከፈቱ፤ ከላይ የሚታየው ቆረቆንዳ ብቻ ነበር። ናስ ከባድ ስለ ሆነ ከታች ይሰምጣል፤ ይህን ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዳሩ ግን በአንድ ቀን ሁለት ጓደኛ የቀበረ ሰው ነበሩ። የጧቱን አውጥቼዋለሁ ብለው የከሰዓቱን ጨመሩበት፤ ቺንጋውንም መልሰው አስገቡ።

በወንፊት ሲያወጡት ከአንድ ቀብር የማይገኝ ብዛት ሆነ። ቆጠሩት፤ እንደገናም ቆጠሩት፤ አልቀነሰም። በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ መረመሩት። ጥይቱ ከአንድ ሣጥን የወጣ፣ ጠብመንጃዎቹም እነዚያው በመሆናቸው አንዱን ከሌላው የሚለይ ምልክት አልተገኘም። ሳይጸዳ ሕፃን ይለየው ነበር፤ የጧቱ ጭቃ ነበረበት፣ የከሰዓቱ ግን አልነበረውም። ወፍጮው የዚያን ቀን ያህል አጥርቶ ሠርቶ አያውቅም።

የተኳሾቹ አለቃ ዱዌን መጥቶ አየውና ናስ አፍ የለው ምን ይናገራል፣ ሦስት ሦስት አድርገህ ስጥና ዝም በል ሲል መከራቸው። አቶ ላይል ሎሬታ ስትጠይቀኝስ አሉት። «ነው» በላታ አላቸው። አንድ ጊዜ በሐሰት «ነው» ካልሁ በአገሩ ምድጃ ሁሉ ላይ የተደረደረው ቀለሃ አጠራጣሪ ይሆናል ብለው መለሱለት። ዱዌንም ቤቱ ካለው ከአባቱ ቀለሃ ጋር አስተያይቶት መሰለኝ፣ ነገሩን አልገፋበትም።

ወይዘሮ አርዲስ ግን ነገሩን አሳጠሩት። «መቼም መናገርህ አይቀርም፤ እራት ሳይቀርብ ሂድ። እንዲህ ተኮሳትረህ ከፊቴ አትበላም።»

አቶ ላይል በወይዘሮ ሎሬታ ሳሎን ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ እንደ ቆሙ የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። ከምድጃው በላይ የዚያ አጋዘን ቀንድ ተሰቅሏል።

«መለየት አትችልም?»

«አልችልም።»

«ከሦስቱ አንዱ የማይሎ ሊሆን ይችላል ማለት ነው?»

«ሦስቱም ሊሆን ይችላል።»

ወይዘሮ ሎሬታ ቀንዱን ቀና ብለው አዩ።

«ዌንደል በጸደይ፣ ታሞ አልጋ ላይ ሳለ ነገረኝ። አጋዘኑን የጣለው ማይሎ ነው። የዌንደል ጥይት የገባበት ከወደቀ በኋላ ነው። ‹ሳልቀበር ለሰው እንዳትነግሪ› አለኝ፤ ይኸው ተቀበረ።» ምድጃውን አመለከቱ። «ሦስቱን እዚያ አስቀምጥልኝ። የማይሎም ቢሆን፣ ዌንደል የማይሎን ነገር እቤቱ ማኖር ለምዶታል።»

ከዚያ ወንበር ስበው ወጡበትና ቀንዱን አወረዱ።

«ወደ ቨርና ትሄድ የለ? ይህንም አድርስላት።»

ወይዘሪት ቨርና የማይሎ እኅት ናቸው፤ ሳያገቡ ከወንድማቸው ጋር የኖሩ። አቶ ላይል ሌላ ሦስት ቀለሃ ከደጃፉ ላይ ሰጧቸው። ወይዘሪት ቨርናም እንደ ሰው ሁሉ ለማይሎ የተተኮሰው መሆኑን ጠየቁ። አቶ ላይል ያን ጊዜ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «አላውቅም» አሉ፤ የቀለሃውንም የቀንዱንም ነገር ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

ወይዘሪት ቨርና ቀለሃዎቹን በሹራባቸው ኪስ ከተቱ። ቀንዱን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት፤ የጣታቸው ጫፍ ጠቆረ።

«ቀለሃውን እንደዚያ አብረቅርቀህ፣ ይህን ከነአቧራው ታመጣዋለህ?»

«ከበርሜሉ አይገባም፣» አሉ አቶ ላይል።

ወይዘሪት ቨርና ነገሩን አመዛዘኑት። ወደ ውስጥ ገቡና እርጥብ ጨርቅ አምጥተው ሰጧቸው።