አንተ የሚባልበት ውሃ

መንጋጋ ላይ ሞገድ ሲመጣ ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም። መንጋጋ የምንለው ከመንደራችን ፊት ለፊት ባህሩ ውስጥ የተኛውን አለት ነው። ሞገዱ እሱ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆምና ይገለበጣል፤ እንደዛ አምሮ የሚቆም ሞገድ የትም የለም። ችግሩ አንዱን ሞገድ የሚጋልበው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የሚጠብቀው ሕዝብ ደግሞ የሐሙስ ገበያ ያህላል! የመንደሩ ልጅ አለ፣ ከአጋዲር ከተማ የመጣ አለ፣ ፈረንጅ አለ። ሁሉም ሞገድ በሚጋልብበት ሳንቃው ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ባህሩ አስግጎ ይሰዳደባል።

ቢሂ እዛ ስድብ መሃል ነው ያረጀው። ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ስልሳን አልፏል። መሬት ላይ ሰዉ «ዳ ቢሂ፣ እርስዎ» እያለ ከወንበሩ ይነሳለታል፤ «ዳ» በእኛ ዘንድ ጋሼ እንደማለት ነው። ውሃ ውስጥ ግን ዳም የለ፣ እርስዎም የለ። «አንተ ቢሂ፣ ዞር በል!» «አንተ ጢማም፣ ተራህ አይደለም!» ነው። እሱ ደግሞ ይቺን ስድብ እንደ ማር ነው የሚልሳት።

ዘንድሮ ግን ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ተደረገና የሙቀቱን ወራት ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ከረመ። ሚስቱ ኢጃ ሳንቃው ላይ ዓይኗን ጣለች።

«ለዶሮዎቹ ቤት ጣራ ይሆነኛል፣ ዝናቡ ሳይመጣ።»

«አንዴ ልሞክር፣ አንድ ሞገድ ብቻ። ካቃተኝ ዶሮዎቹ ይውሰዱት።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ!»

ማለ እንግዲህ። ብርዱ ገብቶ የመጀመሪያው ትልቅ ሞገድ የመጣ ዕለት፣ ከጎማ የዋና ልብሱ ጋር ታግሎ ለበሰና እያነከሰ ወረደ። ቀዝፎ ሰዉ መሃል ሲደርስ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። መባርክ፣ ያ አብሮ አደጉ፣ ዕድሜ ልኩን ሞገድ ሲቀማው የኖረው መባርክ፣ ምን ቢለው ጥሩ ነው?

«እንኳን ደህና መጡ ዳ ቢሂ። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት?»

ቢሂ ሌላ ሰው ያለ መስሎት ዞሮ ኋላውን አየ።

«ማንን ነው?»

«እርስዎን ነዋ!»

 ወዲያው ደግሞ ሞገድ መጣ፣ የጠዋቱ ቁንጮ። ኢደር የሚባለው አፈኛው ጎረምሳ «ማንም እንዳይነካ! የዳ ቢሂ ነው! ይሂዱ አባቴ፣ ይሂዱ!» እያለ ጮኸ። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፣ ፈረንጆቹ እንኳን። ቢሂ ሞገዱን አየ፣ እነሱን አየ፣ እጁን አጣጥፎ ቁጭ አለ። ሞገዱ ባዶውን አለፈ። መንጋጋ ላይ! ባዶ ሞገድ!

«ምነው፣ ደከመዎት?» አለ መባርክ።

«ቀብሬን ነው እንዴ የምትሸኙት?»

«ኧረ ክብር ነው!»

«ክብር ካማረኝ መስጊድ እሄዳለሁ!»

የሳቀም የለ። ቀጣዩ ሞገድ የመባርክ ነበር። መባርክ በደረቱ ተኝቶ ቀዘፈ፣ ሞገዱም አነሳው፣ አሁን ሊቆም ነው። ያኔ ቢሂ ከጎን እንደ ድመት ሹልክ ብሎ ፊቱ ገባበት። ጉልበቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቋ አለ። ቋ ይበል! ሞገዱን ያዘው። ቆመ። ጎብጦ፣ ክንዱን እንደ ጆፌ ዘርግቶ፣ ሞገዱ ዳር ላይ ሞቶ እስኪያልቅ ድረስ ነዳው።

መባርክ አረፋውን ጠጥቶ፣ ጠጥቶ ብቅ አለ።

«አንተ ሌባ! አንተ ቀማኛ ሽማግሌ! ሁለተኛው ጉልበትህም ይሰበር!»

«አንተ ቢሂ፣ ድገማትና እናያለን!» አለ ኢደር። ሰዉ ሁሉ ቃሉን ተቀበለ፤ አንተ፣ አንተ፣ አንተ! ባህሩ እንደ ድሮው ገበያ ሆነ።

ቤት ሲገባ እያነከሰ ነው፣ እግሩ ላይ የባህር ጃርት እሾህ ተሰክቷል። ኢጃ በር ላይ ጠበቀችው።

«እህ፣ ጣራዬ መጣ?»

«ሌባ አሉኝ!» አለ ጥርሱ በሙሉ እየታየ።

«ማነው ያለህ?»

«ሁሉም!»

አየችው። መርፌ አመጣችና እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ እሾሁን ትነቅል ጀመር።

«ዶሮዎቹስ?» አላት።

«በዝናቡ ይበስብሱ።»